ፖሊስ በሌለበት ማን ይጠብቀናል? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር ከደረሱን ደብዳቤዎች ብዙዎቹ የሚያነሡት አንድ ነገር ነው። አናርኪስቶች ያለ መንግሥትና ያለ ፖሊስ መኖር ይቻላል ይላሉ፤ እንግዲያው ሰውን ከቀማኛ፣ ከደብዳቢና ከነፍሰ ገዳይ የሚያድነው ማነው? ሰባቱን መርጠን መልሰናል። የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ፖሊስ አያስፈልግም የሚለው ሐሳብ ሰው ሁሉ በተፈጥሮው ደግ ነው ከሚል የዋህነት የመጣ ይመስለኛል። ጨለማን ተገን አድርጎ ቢላ ይዞ የሚመጣውን ሰው አናርኪስት ምን ያደርገዋል? በስብከት ይመልሰዋል? (አንባቢ፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ መነሻቸው የሰው ደግነት አይደለም። ማንም ሰው፣ ደግ የተባለውም ጭምር፣ መሣሪያ ታጥቆና ከሌላው በላይ ሥልጣን ይዞ ጠያቂ ካጣ ይበላሻል ነው የሚሉት። ጥቃትን በጉልበት መመከትንም አብዛኞቹ አይቃወሙም። ጣሊያናዊው አናርኪስት ኤሪኮ ማላቴስታ ይህን ጥያቄ ደጋግሞ አንሥቶታል። አጥቂን ማስቆም የሁሉም ሰው ሥራ ነው፤ ከወንጀለኛው ይልቅ የሚያስፈራው ግን ወንጀለኛውን ሰበብ አድርጎ በሕዝቡ ላይ የሚደራጀው ቋሚ ኃይል ነው የሚል ነበር አቋሙ።

ስለዚህ ፖሊስን በምን እንተካው ከማለት በፊት፣ ፖሊስ ጠቅልሎ የያዛቸውን ሥራዎች ፈታቶ ማየት ይቀድማል። ሰፈር መጠበቅ አንድ ነው። እየተፈጸመ ያለን ጥቃት ማስቆም ሌላ ነው። ማን እንዳደረገው ማጣራት፣ ከዚያም የተጎዳው እንዲካስና ያጠፋው እንዳይደግም ማድረግ ደግሞ ሌላ። እያንዳንዱ የተለየ ጠባይና የተለየ ችሎታ ይጠይቃል፤ ለየብቻውም ሰው ሊሰጠው ይችላል። በሚቀጥሉት መልሶች ሁሉ የምንመለስበት ነጥብ ይህ ነው፦ የሚጠብቀው አይፈርድም፣ የሚያጣራው መሣሪያ አይዝም፣ ሥራው በተራ ይዞራል፣ የመረጠው ሕዝብም ባሻው ቀን ያወርደዋል።

ይህ ሲዘነጋ የሚሆነውን የአናርኪስቶች የራሳቸው ታሪክ ይመሰክራል። በ1936 የስፔን የእርስ በርስ ጦርነት ሲፈነዳ በባርሴሎና «የቁጥጥር ፓትሮል» የተባለ 700 ያህል ሰው ያለው ኃይል ተቋቋመ። ከተለያዩ ፀረ ፋሺስት ድርጅቶች የተውጣጣ ቢሆንም ትልቁን ድርሻ የያዙት የአናርኪስቱ ሠራተኛ ማኅበር፣ የሲኤንቲ ሰዎች ነበሩ። ራሱ ያስሳል፣ ራሱ ያስራል፣ ራሱ ይመረምራል። ካህናትና በቀኝ ክንፍነት የተጠረጠሩ ሰዎች በአባላቱ እጅ ያለ ፍርድ ተገደሉ። ከማኅበሩ መሪዎች አንዱ የነበረው የመስታወት ሠራተኛው ዡዋን ፔይሮ በማታሮ ከተማ በሚታተም ጋዜጣ ግድያውን በስሙ ፈርሞ አወገዘ። ፓትሮሎቹ በ1937 ፈረሱ። «አናርኪስት» የሚል መጠሪያ ብቻውን ከዚህ ዓይነት ጥፋት ማንንም አያድንም፤ የሚያድነው ሥራዎቹን መለያየት ነው።

ጥያቄ፦ የሐሳቡን ክርክር ትታችሁ እስቲ ንገሩኝ፤ ፖሊሱን አባርሮ በሰላም የኖረ እውነተኛ ከተማ አለ? (አንባቢ፣ ከደሴ)

መልስ፦ አለ። ነዋሪዎቹ ግን ራሳቸውን አናርኪስት ብለው አይጠሩም፤ ከመንግሥትም ፈጽሞ አልተለዩም። ቼራን በሜክሲኮ ሚቾአካን ግዛት የምትገኝ የፑሬፔቻ ሕዝብ ከተማ ናት፤ ሃያ ሺህ የሚጠጋ ሰው ይኖርባታል። ከዕፅ አዘዋዋሪዎች ጋር የተሳሰሩ የታጠቁ እንጨት ቆራጮች ለዓመታት ደኗን ጨፈጨፉት። የተቃወመ ይገደላል ወይም ደብዛው ይጠፋል። የከተማው ፖሊስና ከንቲባው ግን አላስጣሉም። አርብ ኤፕሪል 15 ቀን 2011 ማለዳ፣ ሴቶች ኤል ካልቫሪዮ በተባለው ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ግንድ የጫኑ መኪኖችን አስቆሙ። ደወል ተደወለ፣ ርችት ተተኮሰ፣ ከተማው ነቅሎ ወጣ። ቆራጮቹ ተያዙ። ብዙም ሳይቆይ ፖሊሶቹ ትጥቃቸውን ተቀምተው፣ ከንቲባውና የፖለቲካ ፓርቲዎቹም አብረው ተባረሩ።

በየመንገዱ ማዕዘን እሳት ነደደ፤ በአራቱ ሰፈሮች ሁለት መቶ ገደማ። ጎረቤት በእሳቱ ዙሪያ ሌሊቱን እየጠበቀ አብሮ ያበስላል፣ አብሮ ይመክራል። ሐሳብ ከእሳቱ ተነሥቶ ወደ ሰፈሩ ጉባኤ ይሄዳል። የሰፈር ጠባቂዎቹ፣ እነሱ «ሮንዳ» የሚሏቸው፣ ከዚያው ጎረቤት መካከል ስማቸው ቀርቦ የተመረጡ ናቸው፤ ሰፈሩ እናት አባታቸውንም ያውቃል። ኬላ በከተማው መግቢያዎች ላይ ቆመ። ሌላ ቡድን ደኑን ይጠብቃል። በመጀመሪያው ጊዜ መጠጥ ተከልክሎ ነበር፤ በእኛ ግምት ይህ ትንሽ የሚመስል ውሳኔ ብዙ ደም አስቀርቷል፤ መሣሪያና ድካም ባለበት ሌሊት አንድ ሰካራም ብቻ ይበቃልና።

የበላዩ አካል ከየሰፈሩ ሦስት ሦስት ሆነው በግልጽ ጉባኤ የሚመረጡ 12 ሰዎች ያሉት ታላቅ ምክር ቤት ነው፤ ዘመኑ ሦስት ዓመት ነው። ሮንዳው የረበሸ ሰካራም ወይም ጥቃቅን ሌባ ይዞ ሊያቆይ ይችላል። ጉዳዩን የሚያየው ግን ለፍትሕና ለሽምግልና የተሰየመ ሌላ ምክር ቤት ነው፤ ቅጣቱም ብዙ ጊዜ ገንዘብ ወይም ለከተማው የሚሠራ ሥራ ነው። ግድያን የመሰለ ከባድ ወንጀል ለግዛቱ ዐቃቤ ሕግ ይተላለፋል። የሜክሲኮ ፌዴራል የምርጫ ፍርድ ቤት በኖቬምበር 2011 ከተማዋ በልማዷ መሠረት እንድትተዳደር መብቷን አወቀላት፤ የመንግሥት በጀትም ይደርሳታል፣ የሮንዳው ክፍያም ከዚያ ይወጣል።

ለምን ተሳካ? ጠላቱ ከውጭ የመጣና የሚታወቅ ነበር፤ የሚጠበቀው ደን የሁሉም ነው፤ ከተማዋ መግቢያዋ ጥቂት ነው፤ በየሃምሳ በየመቶ ሜትሩም የነቃ ዓይን ነበር። አደጋው ሲቀንስ እሳቶቹ እየቀነሱ ሄዱ፣ ሮንዳውም ደመወዝተኛ እየሆነ መጣ። የመደበኛ ፖሊስ መልክ ቀስ ብሎ የሚመለሰው እንዲህ ባለው ጊዜ ስለሆነ ይህን በንቃት መከታተል ያስፈልጋል።

ጥያቄ፦ በሰፈራችን ስርቆት በዝቷል። ወጣቶቹ ተራ ገብተን እንጠብቅ ብለዋል። እኔ የምፈራው አንድ ሌሊት ሌባ ተይዞ ተደብድቦ እንዳይሞት ነው። እንዴት ይደራጅ? (የልጆች እናት፣ ከአዳማ)

መልስ፦ ፍርሃትዎ ልክ ነው። የመንጋ ፍርድ ከመደበኛ ፖሊስ የከፋ ነው፤ ማንም አላጣራም፣ ማንም አይጠየቅም፣ የሞተ ሰው ደግሞ ንጹሕነቱ ቢታወቅም አይመለስም። ስለዚህ ከጥበቃው ይልቅ የተያዘው ሰው ምን እንደሚሆን አስቀድሞ ይወሰን።

በቁጥሩ እንጀምር። ከምሽቱ 3 እስከ 7 ሰዓት አንድ ፈረቃ፣ ከሌሊቱ 7 እስከ 11 ሰዓት ሌላ ፈረቃ፣ በየፈረቃው አራት ሰው ቢሆን፣ በሳምንት 56 ተራ ይወጣል። አንድ ሰው በሁለት ሳምንት አንዴ ብቻ እንዲደርሰው 112 ሰው ያስፈልጋል። ይህን ያህል ፈቃደኛ ከሌለ ስርቆት የሚበዛባቸውን ሌሊቶች ብቻ ጠብቁ፤ የአንድን ሰው ተራ ግን አታብዙ። በሳምንት ሦስት ሌሊት የሚቆም ሰው ብዙም ሳይቆይ ይሰለቻል፤ የማይሰለቹት ጥቂቶች ደግሞ ቋሚ ጠባቂ ይሆናሉ፣ ሰፈሩንም የራሳቸው አድርገው ማየት ይጀምራሉ፣ ቀጥሎ የሻይ ይጠይቃሉ።

አራቱ የአንድ ቡድን ጓደኞች አይሁኑ። ሁለት ሁለት ሆነው ይሂዱ፤ ከአራቱ ቢያንስ አንዱ በዕድሜ የገፋ፣ ቢቻል አንዷ ሴት ትሁን። ፊሽካ፣ የእጅ ባትሪ፣ ቻርጅ የሞላ ስልክ፣ የመጀመሪያ ዕርዳታ ቦርሳ ይበቃል። ጠጥቶ ወይም ቅሞ የመጣ የዚያን ቀን ይመለስ። አንድ ረጅም ፊሽካ «ውጡ» ማለት ይሁን፣ ሦስት አጭር «የተጎዳ ሰው አለ»። የሰማ ሁሉ መብራት አብርቶ ደጁ ላይ ይቁም። በየበሩ የቆመ ሃያ ሰው፣ ዱላ ከያዘ አራት ሰው የበለጠ ሌባን ያስደነግጣል። የሮጠን ሰው አታሳድዱ፤ በጨለማ ማሳደድ ጠባቂዎቹን ይበታትናል፣ ብዙ ጊዜም የሚያዘው ያልሰረቀው ነው።

ሰው ከተያዘ ሁለት ጠባቂዎች ጀርባቸውን ለእሱ፣ ፊታቸውን ለሕዝቡ ሰጥተው ይቁሙ። አንዱ ብቻ ያነጋግረው። መሬት ላይ ይቀመጥ፤ መሣሪያ እንዳይኖረው ብቻ ይፈተሽ። የተሰረቀበት ሰው አይጠጋ። ከጠባቂዎቹ ውጭ አስቀድመው የተመረጡ ሁለት «ተረካቢዎች» በቶሎ ተጠርተው መብራት ወዳለበት ቤት ያስገቡት፣ ሰዓቱን፣ ቦታውንና ያዩትን ሰዎች ይጻፉ፣ ቁስል ካለው ይዩለት። ፎቶው በስልክ አይሠራጭ። በአገራችን ሕግ እጅ ከፍንጅ ሰው የያዘ ግለሰብ ሳይዘገይ ለፖሊስ ማስረከብ አለበት፤ እናንተ ስለ ፖሊስ ያላችሁ አቋም ምንም ይሁን፣ ሰውን ደብቆ ማቆየት ሰፈሩን በሕገወጥ እስር ያስጠይቃል።

በስለት ከእጅ ወይም ከእግር የሚንፏፏ ደም ሲያጋጥም በንጹሕ ጨርቅ በሁለት እጅ አጥብቆ መጫን ይቀድማል። ካልቆመ ከቁስሉ ከ5 እስከ 7 ሴንቲ ሜትር ወደ ላይ፣ መገጣጠሚያ ላይ ሳይሆን፣ አራት ሴንቲ ሜትር ያህል ስፋት ያለው ማሰሪያ ታስሮ ደሙ እስኪቆም በጠንካራ እንጨት ይጠምዘዝ። የታሰረበት ሰዓት ይጻፍ፤ ሐኪም ቤት እስኪደርስ አይላላ። ሽቦና የጫማ ክር ሥጋውን ይቆርጣል እንጂ ደሙን አያቆምም።

ማጣራቱንስ? የእኛ አገር አውጫጭኝ፣ አፈርሳታ የሚባለውም፣ ሥራውን የሁሉም አድርጎት ነበር፤ የአካባቢው ሰው ሜዳ ላይ ተሰብስቦ ጥፋተኛው እስኪታወቅ ከዚያ አይነሣም፣ የቀረ ይቀጣል። ጥሩው ጎኑ ማንም «አላየሁም» ብሎ ቤቱ እንዳይቀመጥ ማድረጉ ነው። መጥፎው ደግሞ የተራበና የሰለቸ ሕዝብ ወገን የሌለውን ሰው ጠቁሞ ወደ ቤቱ መሄድ መፈለጉ ነው። ስለዚህ ምስክርነት በጉባኤ አይሰብሰብ። ሦስት ሰዎች ለየብቻ ይስሙ፣ የተጠረጠረውም የተባለበትን ሰምቶ መልስ ይስጥ።

ጥያቄ፦ እህቴን ባሏ ይደበድባታል። ፖሊስ መጥራት አትፈልግም፤ በመኖሪያ ወረቀቷ ምክንያት ትፈራለች። ሽማግሌ ሁለት ጊዜ ገብቶ «ቻይው፣ ለልጆችሽ ስትይ» ብሎ መልሷታል። ያለ ፖሊስ ምን ማድረግ ይቻላል? (እህት፣ ከሜሪላንድ፣ አሜሪካ)

መልስ፦ እህታችን፣ ሽምግልናው የከሸፈው ሽማግሌዎቹ ክፉ ስለሆኑ ላይሆን ይችላል። ሽምግልና በድንበር ለተጣሉ፣ በአቅም ለሚመጣጠኑ ሁለት ሰዎች የተበጀ ነው። አንዷ ሌላውን በምትፈራበት ቤት ግን እሱ ፊት እውነቱን አትናገርም፤ የእርቁ ስኬትም የሚለካው በእሷ መመለስ ይሆናል። ስለዚህ ከእንግዲህ ሁለቱን አንድ ክፍል አታስቀምጡ።

አስቀድሞ አደጋውን መመዘን ነው። አንገቷን አንቋት ያውቃል? በአሜሪካ የተደረገ ጥናት ባሏ ወይም ጓደኛዋ ያነቃት ሴት በዚያው ሰው እጅ የመገደል ዕድሏ ሰባት እጥፍ ያህል እንደሚጨምር አሳይቷል። ሽጉጥ በእጁ ሲኖር አምስት እጥፍ ያህል ይጨምራል። እገድልሻለሁ ማለት፣ ስልኳን መከታተል፣ በእርግዝና ጊዜ መምታት፣ ራሴን አጠፋለሁ ብሎ ማስፈራራት፣ እነዚህም ከባድ ምልክቶች ናቸው። ከሁሉ የከፋው ጊዜ ደግሞ ጥላው የምትወጣበትና ከዚያ የሚቀጥሉት ሳምንታት ናቸው። ታንቃ የምታውቅ ከሆነ አንገቷ ላይ ምልክት ባይታይም ሐኪም ይያት፤ የውስጥ ጉዳት ዘግይቶ ሊወጣ ይችላል።

ቀጥሎ ከአራት እስከ ስድስት የሚሆኑ ሰዎችን እሷ ራሷ ትምረጥ። ሁሉም ሁሉን ማወቅ የለባቸውም። አንዷ በማንኛውም ሌሊት በር የምትከፍት፣ አንዱ መኪና ያለው፣ አንዷ ልጆቹን ከትምህርት ቤት የምታመጣ፣ አንዷ ደግሞ ወረቀት የምታስቀምጥ ይሁኑ። ፓስፖርት፣ የልደት ወረቀት፣ የመኖሪያ ሰነድ፣ የባንክ ወረቀት ቅጂያቸው አስቀድሞ ከቤት ይውጣ። መድኃኒት፣ ትርፍ ቁልፍ፣ ጥሬ ገንዘብና የልጆች ልብስ የያዘች ትንሽ ቦርሳ ሌላ ቤት ትቀመጥ። በስልክ የምትናገረው ምልክት ይኑራት፤ «በርበሬው ደረሰሽ?» ስትል መኪናው እንዲነሣ። እሱ በሚነካው ስልክ ላይ ይህን አትጻፉ። የምትወጣው እሱ ሥራ ላይ ሲሆን ነው፣ ሳትናገር፣ ሁለት ሰው አብሯት። «በክብር ተሰናብቼ ልውጣ» የሚል ሐሳብ ሰው አስገድሏል። ከወጣች በኋላ የምትሄድበት መንገድ፣ የሥራ ሰዓቷና የምትስመው ቤተ ክርስቲያን ለጊዜው ይቀየር።

ወረቀቷ በእሱ በኩል ከሆነና እሱ ዜጋ ወይም ግሪን ካርድ ያለው ከሆነ፣ በአሜሪካ ሕግ የተበደለች ሚስት ባሏ ሳያውቅ ራሷ የምታመለክትበት መንገድ አለ፤ ለዚህ የፖሊስ ሪፖርት የግድ አይደለም። የስደት ጉዳይ ጠበቃ ብቻዋን ታነጋግር።

ከእሱ ጋር የሚሠራው ሌላ ቡድን ነው። ይህን አሠራር ያጎለበቱት በአብዛኛው ጥቃቱንም ፖሊሱንም የሚፈሩ ጥቁርና ስደተኛ ሴቶች ናቸው፤ በኦክላንድ ክሪኤቲቭ ኢንተርቬንሽንስ፣ በፊላደልፊያ ፊሊ ስታንድስ አፕ የተባሉት ስብስቦች በ2000ዎቹ ብዙ ሞክረውታል። ከሦስት እስከ አምስት ሰው፣ እሱ የሚያከብራቸው፣ ግን የመጠጥ ጓደኞቹ ያልሆኑና በገንዘብ ጥገኛው ያልሆኑ። እሷ የምትፈልገው በጽሑፍ ይቀመጥ፦ ቤቱን ይልቀቅ፣ አይደውል፣ የልጆቹን ወጪ ይክፈል፣ ሰነዷን ይመልስ። በየሳምንቱ ይገናኙ። የመጀመሪያው ሥራ ያደረገውን «ግን» ሳይጨምር መናገር ነው፤ ይህ ብቻ ወራት ሊፈጅ ይችላል። በሦስተኛው ወር ቡድኑ ይመዝን፤ ለውጥ ከሌለ የሚሆነው ቀድሞ ይጻፍ።

የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ሰውየው ያለቅሳል፣ ቡድኑ ያዝንለታል፣ ሳይታወቀው ጠበቃው ይሆንና «ተለውጧል፣ ይቅር በይው» ብሎ እሷ ዘንድ ይሄዳል። ለዚህ ነው ሁለቱ ቡድኖች የማይደባለቁት። ሌላው ችግር የጊዜ ገደብ የሌለው ሂደት ነው፤ ሰዎቹ ይደክማሉ፣ ጉዳዩ ሳይዘጋ ይበተናል። ምስጢሩም ሐሜት ይሆናል። አልቀበልም ካለ ዱላ አይነሣበትም፤ ከዕድር ኮሚቴ፣ ከዕቁብ ዳኝነት፣ ከማኅበር ኃላፊነት ይወርዳል፣ እሷ ባለችበት ግብዣ እንዳይመጣ ይነገረዋል፣ ምክንያቱም አይደበቅም። የተደበደበች ሴት ስትጮህ የኦሮሞ ሴቶች ሲንቄ በትራቸውን ይዘው ሥራ ትተው ይሰበሰባሉ፤ አጥፊው ጥፋቱን አምኖ ካሳ እስኪያቀርብ አይበተኑም። ኃይሉ ያለው በብዛታቸውና በአንድነታቸው ነው፤ በሜሪላንድ ሃያ ሴት አንድ ነገር ከተናገረ ይሰማል። በሰሜን ሶርያም ኩርዶች በ2011 በቃሚሽሊ የከፈቱት «የሴቶች ቤት» ሁለቱን ወገን ለየብቻ ሰምቶ ስምምነቱን በጽሑፍ ያስይዛል፤ ከጀርባው ግን የታጠቀ የጸጥታ ኃይል መኖሩም አይካድም።

ሊገድላት የተነሣን ሰው አምስት ጎረቤት በምክር አይመልሰውም። እሷ ፖሊስ ልጥራ ካለች፣ በፖለቲካ አቋም የተነሣ «አትጥሪ» የሚላት ሰው ሁሉ በሕይወቷ እየፈረደ ነው። ምርጫው የእሷ ነው።

ጥያቄ፦ በ2020 እዚህ ሲያትል፣ ካፒቶል ሂል በተባለው ሰፈር፣ በተቃውሞ ሰልፎች መካከል ፖሊስ የለቀቀው ቦታ ሰው ተገድሎበት ተዘጋ። ይሄ ሁሉንም ነገር አያፈርሰውም? (አንባቢ፣ ከሲያትል)

መልስ፦ በጁን 8 ፖሊስ ጣቢያውን ለቀቀ፣ በጁላይ 1 ተመልሶ ሰፈሩን አጸዳው። በመካከሉ ጁን 20 አንድ የ19 ዓመት ወጣት፣ ጁን 29 አንድ የ16 ዓመት ልጅ በጥይት ተገደሉ። ይህን አናሳንሰውም።

ቼራን ውስጥ ያለው እዚያ አልነበረም። ያንን ስድስት ብሎክ ያህል ቦታ የሞሉት አብዛኞቹ እዚያ የማይኖሩ ሰዎች ነበሩ፤ ቀን የሚመጣው ሕዝብ ሌሊት ይሄዳል። መሣሪያ ይዘው «ጥበቃ ነን» ያሉትን የመረጣቸው ጉባኤ የለም፤ የሚያወርዳቸውም አልነበረም። በመጀመሪያው ግድያ የከተማው የሕክምና ሠራተኞች ፖሊስ ቦታውን እስኪያረጋግጥላቸው ውጭ ሲጠብቁ፣ ወጣቱን በጎ ፈቃደኞች በግል መኪና ሐኪም ቤት አደረሱት። የአምቡላንስ መግቢያ፣ የሚቀበለው ሰውና የስልክ ቁጥሩ በመጀመሪያው ቀን መወሰን ነበረበት። በሁለተኛው ግድያ ፖሊስ ሲደርስ ማስረጃው ተነካክቶ ነበር፤ ማጣራት የማንም ሥራ አልነበረም። ፖሊስ የሌለበት ቦታ በራሱ የተደራጀ ቦታ አይሆንም፤ ማዘጋጀቱ ወራት ይፈጃል፣ እዚያ ግን አንድ ቀን እንኳ አልተገኘም።

ጥያቄ፦ ጥሩ፣ ሰፈሩ ተደራጀ እንበል። ገንዘብና ጠመንጃ ያለው የዕፅ ቡድን ቢመጣበትስ? (ተማሪ፣ ከባሕር ዳር)

መልስ፦ በኮፐንሃገን የምትገኘው ክሪስቲያኒያ ለዚህ ረጅም ምሳሌ ናት። በሴፕቴምበር 1971 ሰዎች የተተወ የጦር ሰፈር ይዘው መኖር ጀመሩ፤ ዛሬ ወደ አንድ ሺህ ገደማ ይኖሩባታል። ፖሊስ እዚያ ይገባል፣ ያስሳል፣ ያስራል፤ የዕለት ሰላሟን ለመጠበቅ ግን ነዋሪዎቹ በራሳቸው ደንብ ሞክረዋል። በ1979 ሄሮይን ሰው ሲገድልባቸው፣ ነዋሪዎች 40 ቀንና ሌሊት በተራ ቆመው ሻጮቹን አስወጡ፤ ተጠቃሚዎቹን ደግሞ ወይ ሕክምና ግቡ ወይ ልቀቁ አሉ። ተሳካ። ሄሮይን ሻጮቹ በጉርብትና የተከበቡ ጥቂት ሰዎች ነበሩ፣ ለተጠቃሚውም መውጫ ተሰጥቶታል። መሣሪያ፣ ኃይለኛ ዕፅ፣ ድብደባና የሞተር ሳይክል ቡድኖች ምልክት ያለበት ልብስ ተከለከሉ።

ሐሺሽ ግን ተፈቅዶ ቀረ፤ በግልጽ መንገድ ላይ ይሸጥ ነበር፣ ገበያውም ትልቅ ገንዘብ ነው። ገንዘቡ ቡድኖችን ሳበ። ነዋሪው ውሳኔውን በሙሉ ስምምነት የሚያደርግ ስለሆነ ከገበያው የሚጠቀሙ ጥቂት ሰዎች ነገሩን ለዓመታት ሊያጓትቱት ይችሉ ነበር። ሻጮቹን የሚቃወም ጎረቤት ዛቻ ይደርሰዋል። በ2016 በፖሊሶች ላይ ተተኩሶ ነዋሪዎቹ የሐሺሽ መሸጫ ድንኳኖቹን አፈረሱ፤ ተመልሰው ተተከሉ። በ2023 ደግሞ ሰው ተገደለ፤ በኤፕሪል 2024 ነዋሪዎች የሽያጩን መንገድ ድንጋይ በእጃቸው ነቃቀሉ፣ ለዚህም ከመንግሥት ጋር ተባበሩ።

ሰፈሩ የቡድኑን ሰው ማስወጣት ይችላል፤ የቡድኑን ገበያ ትቶ ግን አይችልም። የሚጠብቁት ሰዎች ከሚጠብቁት ገንዘብ ጋር ንክኪ ካላቸው ጥበቃው ለቡድኑ ይሆናል። በደኅንነት ጉዳይ ላይ የሙሉ ስምምነት ድምፅ አይመከርም፤ ከሦስት ሁለት እጁ ይበቃል፣ ጥቅም ያለው ሰው ደግሞ ድምፅ አይስጥ።

ጥያቄ፦ ወንጀለኛ ባይሆንም አእምሮው ታውኮ መንገድ ላይ የሚጮህና ድንጋይ የሚያነሣ ሰው ሲያጋጥም ያለ ፖሊስ ማን ይይዘዋል? (አንባቢ፣ ከጎንደር)

መልስ፦ በዩጂን ከተማ፣ ኦሪገን፣ ካሁትስ የተባለ አገልግሎት ከ1989 ጀምሮ እስከ 2025 ድረስ ሁለት ሁለት ሰው፣ አንድ የሕክምና ሠራተኛና አንድ በአእምሮ ቀውስ ሙያ የሠለጠነ፣ ያለ መሣሪያ በመኪና ይልክ ነበር። የቆመው በገንዘብ ችግር ነው። አሠራሩ ቀላል ነው። አንድ ሰው ብቻ ይናገር፤ ሁለተኛው ሕዝቡን ያርቅ፤ ብዙ ጊዜ ድንጋዩን የሚያስነሣው ክበቡ ነውና። ሦስት ሜትር ያህል ርቀት ይጠበቅ፣ ከፊት ለፊት ሳይሆን ወደ ጎን ይቆም፣ መውጫው አይዘጋበት። በአጭር ዐረፍተ ነገር፣ በስሙ፣ ዝግ ብሎ። የሚያየውን ነገር «የለም» ብላችሁ አትከራከሩት፤ «ፈርተሃል?» ብላችሁ ጠይቁት። ውሃ ወይም ምግብ ስጡት። ስኳር ያለበት፣ ራሱን ተመትቶ የነበረ፣ ከትኩሳት ጋር የጀመረው ከሆነ ይህ የሐኪም ጉዳይ ነውና ሳትዘገዩ ውሰዱት፤ እጅና እግሩ ታስሮ በደረቱ እንዲተኛ ግን አታድርጉ፣ ትንፋሽ ያሳጥረዋል።